ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ግሊሰሪን ወይስ ቫዝሊን? የባሕር ዳር ፀሐይ ለሚያውቀው ፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ወደ አንዱ ኮስሞቲክስ ቤት ገብታችሁ «ለፊት መጨማደድ የሚሆን ምን አላችሁ?» ብትሉ፣ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ ማንጠብጠቢያ ያለው ትንሽ ጠርሙስ ነው። ላዩ ላይ ሃያሉሮኒክ አሲድ ይላል፤ እንዲህ ያለውን ቀለል ያለ ፈሳሽ ቅባት ሴረም ይሉታል። ሻጯ «አሁን ሁሉም የሚጠቀመው ይኼንን ነው» ትላችኋለች። ዋጋውን ስትሰሙ ግን ትንሽ ዝም ትላላችሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ቅባት በቀላሉ የሚገዛ አልሆነም። ስለዚህ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ የወር አስቤዛን ይነካል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ጥሩ ነገር ነው፤ «የማይረባ ነው» የሚሉትን አልቀበልም። ሥራው ግን ውሃ መያዝ ነው። በጥልቀት የተሸበሸበ ፊት አይመልስም፣ ማድያት አያጠፋም፣ የላላ ጉንጭ አያነሳም። ውሃ መያዙን ደግሞ ርካሹ ግሊሰሪን አብዛኛውን ይሠራዋል። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ «ሴረሙን ተወውና የፀሐይ መከላከያ ግዛ» ነው የምለው። ለሁለት የሚበቃው ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ግሊሰሪን ያለበት ክሬም ይጨምር። ሴረሙ ሦስተኛ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል እንየው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሃያሉሮኒክ አሲድ ለሰውነታችን ባዕድ አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ግራም ገደማ አለው፤ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ቆዳ ውስጥ ነው። ሰውነት ሲያፈርሰውና መልሶ ሲሠራው ይውላል። በየቀኑ ሲሶው ያህል ይታደሳል። ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከከብት ዓይን ለይተው አወጡት። ቆየት ብሎ ከአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር። ዛሬ አብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያ በማብላላት ነው። አሲድ መባሉ አያስደንግጣችሁ። አያቃጥልም፣ ቆዳም አይልጥም።

ዕድሜ ሲገፋ በላይኛው ቆዳ ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ያኔ ቆዳ ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ወዙ ይሄዳል፣ ይሳሳል፣ ዓይን ሥር ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። «ታዲያ የጎደለውን ከላይ ብጨምርለትስ?» ማለት ተገቢ ነው። ችግሩ፣ የሃያሉሮኒክ አሲድ ሞለኪውል በጣም ትልቅ ነው። ትልቁ ዓይነት ቆዳውን አልፎ አይገባም። ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ይይዛል፣ ለስለስ ያለ ስስ ሽፋን ይሠራል። ይህ ራሱ ጥቅም ነው። ፊት ስትነኩት ይለሰልሳል፣ በድርቀት የመጡት ቀጫጭን መስመሮችም በሰዓታት ውስጥ ደብዘዝ ይላሉ። ስትታጠቡት ግን አብዛኛው አብሮ ይሄዳል።

ተቆራርጦ አነስ ያለው ዓይነት ትንሽ ዘልቆ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 76 ሴቶች በሞለኪውል መጠኑ የተለያየ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበትን ክሬም ዓይናቸው አካባቢ ለ60 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲቀቡ አድርጎ ነበር። የሁሉም ቆዳ እርጥበትና የመለጠጥ አቅም ተሻሻለ። የመስመሮቹ ጥልቀት በግልጽ የቀነሰው ግን ትንንሹን ሞለኪውል በተቀቡት ላይ ነው። ክሬሙ ውስጥ የነበረው መጠን ደግሞ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ዋጋ ስናወራ ይጠቅመናል።

«ከክብደቱ 1000 እጥፍ ውሃ ይይዛል» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል። ሴረሙ ውስጥ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚይዘውም ያንኑ አብሮት የታሸገውን ውሃ ነው። «100 በመቶ ሃያሉሮኒክ አሲድ» ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ካያችሁም አትመኑ። ንጹሑ ዱቄት ነው። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንኳ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ይጎተታል።

አንዲት ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ልጃቸው ከውጭ ይህን ጠርሙስ ልካላቸው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የድሮ ፊቴን ይመልስልኛል?»

«አይመልስም እማማ። ድርቀቱን ግን ያስታግስልዎታል። ፊትዎ ሳይደርቅ ይቀቡትና ከላዩ ክሬም ይደርቡበት።»

«ክሬሙን ነበራ ልትልክ የሚገባት!»

እውነታቸውን ነው።

ጣና ዳር መኖር ምን ይለውጣል?

የውጭ ምክር ስታነቡ አብዛኛው የተጻፈው ክረምቱ በረዶ ለሆነ አገር ነው። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ሚያዝያ ውስጥ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የጨረሩ መለኪያ 11 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የመጨረሻው አደገኛ ደረጃ ይባላል፤ እዚህ ቀትር ላይ ያንን ማለፍ የተለመደ ነው። ሐይቁ ላይ ስትሆኑ ውሃው ከሥር መልሶ ያንፀባርቃል። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚታየው እርጅና ከዕድሜያቸው የሚቀድመው ለዚህ ነው። ብስክሌት ላይ የሚውል ሰውም እንዲሁ።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው። በዚያ ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ ለብቻው ተቀብታችሁ ብትወጡም ይበቃችሁ ይሆናል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን አየሩ ይደርቃል፣ ንፋሱ ይነሳል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። በዚህ ወቅት ሴረሙን ለብቻው ተቀብቶ ንፋስ ላይ መውጣት ያጠባችሁትን ነጠላ ገመድ ላይ እንደ ማስጣት ነው። ውሃው ይተናል፣ ቆዳውም ቀድሞ ከነበረበት በላይ ይወጠራል። «ሴረሙ ፊቴን አደረቀው» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ከላይ የሚደረበው ቅባት ነው።

ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ቆዳችን የማይደርቅ የሚመስለው ሰው አለ። የሐይቁ ንፋስ ደስ ይላል፤ ለቆዳ ግን ከበጋው ድርቀት መሸሸጊያ አይሆንም።

ሴረም ወይስ ክሬም?

ሁለቱም ሃያሉሮኒክ አሲድ ይኖራቸዋል። ሴረሙ ቀለል ያለ ነው፣ አይከብድም፣ ለወዛም ቆዳ ይስማማል። ክሬሙ ደግሞ ውሃ የሚይዘውን ነገርና ውሃው እንዳይተን የሚከልለውን ቅባት አንድ ላይ አድርጎ ይመጣል። ለደረቅ ቆዳ፣ ለበጋ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ክሬሙን እመርጣለሁ፤ በዚህ አላመነታም። ከላይ የጠቀስኩት ጥናትም የተሠራው በክሬም ነው፣ በ0.1 በመቶ። ስለዚህ «የእኛ 2 በመቶ ነው» እያለ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ሴረም በእጥፍ ይሠራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ሲበዛ ፊት ላይ ይጣበቃል። ከላዩ የፀሐይ መከላከያ ስትቀቡም እየተንከባለለ ፍርፋሪ ይሆናል።

ሴረም የሚሻልበት ጊዜ አለ። የምትወዱት ክሬም ካላችሁና እሱን መለወጥ ካልፈለጋችሁ ከሥሩ ጥቂት ጠብታ መጨመር ቀላል ነው። ሬቲኖል የተባለውን፣ ኋላ የምናየውን የመጨማደድ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ የሚያመጣውን ድርቀት ያለሰልስላችኋል። ፊታቸው ብጉር ስለሚያወጣ ወፍራም ክሬም የማይችሉ ሰዎችም ሴረሙ ይሻላቸዋል።

ግሊሰሪን፦ የተናቀው ተፎካካሪ

ፋርማሲ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ወፍራም ፈሳሽ ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለእጅ ሲቀቡት ኖረዋል። ግሊሰሪንም እንደ ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሃ ይይዛል። ልዩነቱ ሞለኪውሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን በቀላሉ መግባቱ ነው። ቆዳ ውሃ እንዲይዝ በማድረግ ረገድ ብዙ ዘመን የተፈተነ ነው። በጣም ውድ የሚባሉት ክሬሞች እንኳ የንጥረ ነገር ዝርዝራቸው ውስጥ ከውሃ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እሱ ነው። ሰው ለሃያሉሮኒክ አሲድ ከፍሎ፣ ቆዳውን በብዛት የሚያርሰው ግሊሰሪኑ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉድለቱ ይጣበቃል፤ አቧራም ይሰበስባል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ አባይ ማዶ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንጹሑን ሳይበረዝ ፊት ላይ መቀባትም አልመክርም። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ከጽጌረዳ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ለወራት ያስቀምጠዋል። ውሃ የገባበት ቅልቅል መከላከያ ስለሌለው ጀርም ያፈራል። የሚሻለው ተራ ሎሽናችሁን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ጠብታ ግሊሰሪን በዚያው መጨመርና ወዲያው መቀባት ነው። ማታ ማታ ብታደርጉት መጣበቁም አያስቸግራችሁም።

ሁለቱን ላወዳድር። ፊት ላይ ባለው ስሜት ሃያሉሮኒክ አሲድ ያሸንፋል፤ ይለሰልሳል፣ ሜካፕ ከላዩ በደንብ ይቀመጣል። በዋጋ ግሊሰሪን ያሸንፋል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። እርጥበት በመያዝ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱንም የያዘ ክሬም ካገኛችሁ ደግሞ ምርጫው ራሱ አያስፈልግም።

ቫዝሊን ምን ቦታ አለው?

ቫዝሊን ውሃ አይስብም። ያለውን ውሃ ይዘጋበታል። ይህን ሥራ እንደ እሱ የሚሠራ የለም፤ ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ይከለክላል። ስለዚህ ከሃያሉሮኒክ አሲድ ጋር ተፎካካሪ ሳይሆን ተደጋጋፊ ነው። ደረቅ ፊት ላይ ብቻውን ብትቀቡት ድርቀቱን ዘግታችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ታጥባችሁ፣ ሳይደርቅ፣ ሴረም ወይም ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን ቀብታችሁ፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ቫዝሊን ብትደርቡ ግን ለጥርና ለየካቲት ሌሊት ግሩም ነው። ቀን ላይ ፊትን ያብለጨልጫል፣ አቧራም ይይዛል፤ ለማታ አቆዩት። ቶሎ ብጉር የሚያወጣ ሰው ከዓይን ሥርና ከከንፈር ባያልፍ ይሻላል።

የጓዳው አማራጮች

ማር ውሃ የመያዝ ባሕርይ አለው። ለ15 ደቂቃ ተቀብቶ መታጠብ ጉዳት የለውም፤ ፊትን ያለሰልሳል። ቅቤና የሰሊጥ ዘይት ቆዳን ያወዛሉ፣ ትነትንም ይቀንሳሉ፤ ውሃ ግን አይስቡም። እሬት ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ሲቆረጥ የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ ግን አፍስሱት፣ ቆዳ ያስቆጣል። ሎሚን በፍጹም ፊታችሁ ላይ አታድርጉ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ለወራት ጠቁሮ ይቀራል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ፀሐይ ይህ ቀልድ አይደለም።

መጨማደዱን ራሱ የሚነኩት

እስካሁን ያወራነው ስለ ውሃ ነው። እርጅና ግን የውሃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ፀሐይ ደግሞ ታፋጥነዋለች። እዚህ ላይ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሬቲኖል ጋር አይወዳደርም።

ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዝርያ ነው። ትሬቲኖይን የተባለውን ጠንካራውን ወንድሙን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይ የጎዳውን ቆዳ ቀጫጭን መስመሮች ለመቀነስ ፈቅዶታል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ላይ ዛሬ ቀብታችሁ ዛሬ ለውጥ ታያላችሁ። ሬቲኖል ላይ ሦስትና አራት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ወር ትጠብቃላችሁ፤ ለውጡ ግን ቆዳው ውስጥ ነው። ዋጋውም አለው። ያስቆጣል፣ ያላልጣል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ በአተር ፍሬ ልክ ጀምሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ሬቲኖልና ትሬቲኖይንን ትተው። ሃያሉሮኒክ አሲድና ግሊሰሪን ግን በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ መቀባት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የፀሐይ መከላከያ። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ የተቀቡት ሰዎች የቆዳ እርጅና እንደፈለጋቸው ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። የእኛ ቆዳ ሜላኒን የተባለው ቆዳን የሚያጠቁር ቀለም በብዛት ስላለው መጨማደዱ ይዘገያል። እኛን የሚያስቸግረን ማድያት፣ ከብጉር በኋላ የሚቀር ጥቁር ምልክትና የተዘበራረቀ የፊት ቀለም ነው። ይህን ሁሉ የምታባብሰው ያቺው ፀሐይ ናት። የምጣድና የከሰል ሙቀትም ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። ሃያሉሮኒክ አሲድ በዚህ በኩል ምንም አይረዳም፤ ፊታችሁን አርሶ ማድያቱን እዚያው ይተወዋል።

ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከያው አቅም ቁጥር 30 የሆነ ቆዳ ከሚያቃጥለው ዩቪቢ ጨረር 97 በመቶ ገደማ ይከላከላል፣ 50 የሆነው 98 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ነገር መጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል ያስፈልጋል፤ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ነጩ ዓይነት ፊት ላይ አመድ ይመስላል። ማድያት ያለበት ሰው ቀለም የተቀላቀለበትን፣ አይረን ኦክሳይድ ያለውን ቢያገኝ በጣም ጥሩ ነው፤ አመዱም ይቀራል፣ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ዣንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ አይደገሙም። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በጀልባ ስትሄዱ እነሱን አትርሱ። ዘጌ ከገባችሁ በኋላ የቡናው ጫካ ጥላ ይሆናችኋል፤ ጀልባው ላይ ግን ምንም መከለያ ላይኖር ይችላል።

ተጠንቀቁ የምለው

ከሃያሉሮኒክ አሲዱ ጎን «የሚያቀላ»፣ «ማድያት በሳምንት የሚያጠፋ» ክሬም ሲቀርብላችሁ እባካችሁ ቆም በሉ። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የመሳሰሉ ስቴሮይድ የተባሉ ጠንካራ መድኃኒቶች፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛሉ። ስቴሮይድ መጀመሪያ ፊትን ያፈካል። ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያሳያል፣ ብጉር ያወጣል። መጨማደድን ለመከላከል የገዛችሁት ነገር ራሱ ያስረጃችኋል ማለት ነው። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ቀድማችሁ የጀመራችሁ ካላችሁ በአንድ ጊዜ ከማቆም በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ይህን የምለው ፊታቸው ተልጦ የሚያለቅሱ ወጣቶች ስላየሁ ነው፤ በጣም ያሳዝናል።

በመርፌ የሚሰጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደጎደውን ይሞላል። የሚቀባው ያንን አይሠራም፤ «መርፌ የሚተካ ሴረም» የሚባል የለም። መርፌው በሠለጠነ ሐኪም ካልሆነ ደም ሥር ዘግቶ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በኢንተርኔት የሚሸጠውን ያለ መርፌ የሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሰው እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ፔዳ ግቢ የምትማር፣ ፊቷ ወዛም የሆነ የሃያ ዓመት ወጣት ሃያሉሮኒክ አሲድ አያስፈልጋትም። የፀሐይ መከላከያና ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃታል። ገንዘቡን ለሌላ ታውለው።

ከሠላሳ አምስት እስከ ሃምሳ ያለ፣ ፊቱ ከታጠበ በኋላ የሚወጠርበት፣ ዓይኑ ሥር መስመር የጀመረ ሰው ከሃያሉሮኒክ አሲድ ይጠቀማል። ጠዋት ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ክሬምና የፀሐይ መከላከያ፣ ማታ ደግሞ ቀስ በቀስ ሬቲኖል። የቢሮ ሰው ከሆነና መስኮት ዳር ከተቀመጠ መከላከያውን አይተው፤ ዩቪኤ የሚባለው ጨረር በመስታወት ያልፋል።

ከስልሳ በላይ ለሆኑ እናቶችና አባቶች ሴረም አልመክርም። ቆዳቸው ስስ ነው፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል። ወፍራም፣ ሽታ የሌለው ክሬም ነው የሚያሻቸው። ውስጡ ሃያሉሮኒክ አሲድ ቢኖር መልካም፣ ባይኖርም ግሊሰሪን ይኑርበት። ለእጅና ለእግር ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዩሪያ የተባለ ቆዳ የሚያርስ ንጥረ ነገር ያለበት ክሬም ከሁሉም ይበልጣል።

ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል፣ ዓሣ ለሚያጠምድ፣ ገበያ ለሚቀመጥ ሰው፦ ባርኔጣ ወይም ዣንጥላ፣ መከላከያ፣ ማታ ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን። ሠርግ ላለባት ሙሽራ ግን ሴረሙ ያምርባታል። የዚያን ቀን ፊቷ ይሞላል፣ ሜካፑም አይሰነጣጠቅም።

ስትገዙ

የንጥረ ነገር ዝርዝሩ ላይ ሶዲየም ሃያሉሮኔት የሚል ካያችሁ ያው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ በጨው መልኩ። «ሃይድሮላይዝድ» የሚል ከተጨመረበት ተቆራርጦ ያነሰው ዓይነት ነው። እሱ ዘልቆ ይገባል፤ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ግን በጥንቃቄ ይሞክረው። ስሙ ዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ቢሆን አትደናገጡ፤ ከመቶ አንድ በታች የሚገባ ነገር ቦታው እዚያ ነው። ሽቶና አልኮል ከፊት ከፊት ካሉ ግን ሌላ ፈልጉ። የክፍት ጣሳ ሥዕል ውስጥ 6 ወይም 12 ቁጥር ታያላችሁ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ጊዜው ያለፈ፣ ፀሐይ ላይ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ዕቃ በቅናሽ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

አቀባቡ ቀላል ነው። ፊታችሁን ታጠቡ፣ በፎጣ አትፈትጉት፣ እንደ ረጠበ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ክሬሙን ደርቡ። ቀን ከሆነ መጨረሻ ላይ መከላከያው ይመጣል። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ መንጋጋ ሥር ለጥቂት ቀን ሞክሩት።

ጠርሙሱን ገዝታችሁ ከሆነም ሳትጨርሱት አንድ ነገር አድርጉ። ለአንድ ወር ማታ ማታ በቀኝ ጉንጫችሁ ሴረሙን ከክሬም ሥር ቀቡ። በግራው ያንኑ ክሬም ከሁለት ጠብታ ግሊሰሪን ጋር ብቻ ቀቡ። ከዚያ ጠዋት፣ ሳትታጠቡ፣ መስኮት ዳር ቆማችሁ ሁለቱንም በጣት ዳስሱ፤ ሌላ ሰውም የትኛው እንደሆነ ሳትነግሩት ይይላችሁ። ልዩነት ካገኛችሁ ሁለተኛውን ጠርሙስ ግዙ። ካላገኛችሁ ለእሱ ያሰባችሁትን ብር ለፀሐይ መከላከያ አውሉት።